ጨረታ ከመውጣቱ በፊት በውል ላይ ያሉ ባዶ ቦታዎችን ስለ መሙላት

እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ደብተርና እርሳሳችሁን ይዛችሁ ወደ ሬዲዮኑ ቀረብ በሉ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሕንፃ ሥራ ውል ነው። ስለ ውል ሕግ በሙሉ አይደለም፤ እሱ በአንድ ቀን አያልቅም። የምንነጋገረው በውሉ ወረቀት ላይ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ ስለሚተወው ባዶ ቦታ ብቻ ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን አስቡት። በየገጠሩና በየከተማው ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ የመማሪያ ክፍል ያሠራል፤ የእህል መጋዘን ያሠራል፤ የዕድር አዳራሽ ያሠራል። ገንዘቡ በግ ተሸጦ፣ ጤፍ ተሸጦ፣ ከደመወዝ ተቆርጦ የመጣ ነው። ከዚያ ኮሚቴ ይመረጣል። ኮሚቴው ጨረታ ያወጣል። አሸናፊው ይታወቃል፣ ሥራው ይጀመራል፣ ጭቅጭቁም አብሮ ይጀመራል። አንዱ «ውሉ ላይ አለ» ይላል። ሌላው «ውሉ ላይ የለም» ይላል። ወረቀቱ ወጥቶ ሲታይ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቦታው አለ፤ የተጻፈበት ነገር ግን የለም።

ይህ እንዴት ይሆናል? የውል ቅጽ ብዙ ጊዜ ታትሞ የሚገኝ ነው። ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው «አጠቃላይ የውል ሁኔታዎች» ይባላል። ይህ ለማንኛውም ሥራ የሚያገለግል፣ ብዙ ገጽ ያለው ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው «ልዩ የውል ሁኔታዎች» ይባላል። ይህ ለእናንተ ሥራ ብቻ የሚሞላ ነው። አጠቃላዩ ክፍል «በልዩ ሁኔታዎች እንደተገለጸው» እያለ ይልካችኋል። ልዩ ሁኔታዎችን ስትገልጡ ደግሞ ነጥብ ነጥብ ታገኛላችሁ። ኮሚቴው ሥራ በዝቶበት «ኮንትራክተሩ ሲገኝ አብረን እንሞላዋለን» ብሎ ያልፈዋል። ቅጹ እንዲሁ ባዶውን ተባዝቶ ለተጫራቾች ይሸጣል።

ይህ ትክክል አይደለም። ምክንያቱንም በአንድ ምሳሌ እናያለን። እርሳሳችሁን አንሡ።

እንበልና ሁለት የመማሪያ ክፍሎች ጎን ለጎን ይሠራሉ። የሕንፃው ርዝመት 16 ሜትር ነው። ወርዱ 7 ሜትር ነው። ለግድግዳው መሠረት ይቆፈራል። ዙሪያውን ስንደምር 16 እና 16፣ 7 እና 7፣ በጠቅላላው 46 ሜትር ይሆናል። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው የመካከል ግድግዳ 7 ሜትር ነው። ስለዚህ 53 ሜትር ርዝመት ያለው መሠረት ይቆፈራል ማለት ነው። ማዕዘን ላይ የሚደራረበውን ትንሽ ነገር ለዛሬ እንተወው። የመሠረቱ ወርድ 70 ሳንቲ ሜትር ነው ተብሎ ተጽፏል። ጥልቀቱ ግን እንዲህ ተብሎ ቀርቷል፦ «ጥልቀት ……… ሜትር»።

አንደኛው ተጫራች ቅጹን ገዝቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። «60 ሳንቲ ሜትር ይበቃል» ብሎ ያሰላል። 53 በ0.70፣ ያ ደግሞ በ0.60 ሲባዛ 22.26 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሁለተኛው ተጫራች ቦታውን አይቶ የመጣ ጠንቃቃ ሰው ነው። «ይህ አፈር 1 ሜትር ካልወረዱበት አይሆንም» ብሎ ያሰላል። የእሱ 37.10 ሜትር ኩብ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ወደ 15 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ልዩነቱ የቁፋሮ ብቻ አይደለም። የተቆፈረው በድንጋይና በሲሚንቶ ይሞላልና ዋጋው በዚያም ላይ ይጨምራል።

ጨረታው ሲከፈት ማን ያሸንፋል? 60 ሳንቲ ሜትር ያሰበው ያሸንፋል። ዋጋው ዝቅ ያለ ነዋ! ሥራው ከተጀመረ በኋላ ግን መሠረቱ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ አፈሩ አሁንም ጥቁር ሆኖ ይገኛል። «ይጨመር» ይላል ተቆጣጣሪው። «ይጨመራል፣ ገንዘቡም ይጨመር» ይላል ኮንትራክተሩ። እሱን መውቀስ አይቻልም፤ ጥልቀቱን የጻፈለት ሰው አልነበረም። አስቀድሞ እውነተኛውን ዋጋ የጻፈው ሰው ተሸንፎ ሄዷል። ሕዝቡም በርካሽ ያገኘሁት ያለውን ሥራ በውድ ይከፍልበታል።

እንግዲህ የጨረታ ትርጉሙ ይህ ነው። ብዙ ሰዎች ለአንድ ዓይነት ሥራ ዋጋ ይሰጣሉ፣ ዋጋቸውም ይወዳደራል። ሥራው አንድ ዓይነት ካልሆነ ዋጋውን ማወዳደር በግና ፍየልን በአንድ ገመድ አስሮ «የትኛው በግ ይሻላል» እንደ ማለት ነው።

ስለ አፈር ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በደጋችን በብዙ ቦታ መረሬ አለ፤ አንዳንዱ አገር ኮትቻ ወይም ዋልካ ይለዋል። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቤት ከላዩ ቢቀመጥበት ከፍ ዝቅ እያደረገ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ ጥቁሩ አፈር ተጠርጎ ይወጣና በሌላ፣ በተመረጠ አፈር ወይም ገረጋንቲ ይተካል። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነው። ቦታው መረሬ መሆኑን የመንደሩ ሽማግሌ ያውቃል፤ ኢንጂነሩ ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት በሁለት ሦስት ቦታ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይታይ። የተገኘው ነገርም ይጻፍ።

አሁን ወደ ዕቃው እንሂድ። «ጣራው በቆርቆሮ ይከደናል» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ አልተጻፈም ማለት ነው። ቆርቆሮ በጌጅ ይለያል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ቆርቆሮው ስስ ነው! ባለ 28 ጌጅ ከባለ 32 ይወፍራል። ባለ 32 ደግሞ ከባለ 35 ይወፍራል። «35 ነው የሰጠኋችሁ፣ ከ28 ይበልጣል» የሚል ቢመጣባችሁ እንዳትታለሉ። ብሎኬትም እንዲሁ የ15 እና የ20 ሳንቲ ሜትር አለው። ፌሮም ባለ 8፣ ባለ 10፣ ባለ 12 እየተባለ በሚሊ ሜትር ይለያል። ኮንክሪቱ ስንት ሲሚንቶ፣ ስንት አሸዋ፣ ስንት ጠጠር ነው? ወለሉ ሊሾ ነው ወይስ ሌላ? በሩ የእንጨት ነው ወይስ የብረት? ቀለሙ ስንት ጊዜ ይቀባል? ይህ ሁሉ «የሥራ ዝርዝርና መጠን» በሚባለው ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል። በሰንጠረዡ የሥራው ዓይነት፣ መለኪያውና መጠኑ በእናንተ በኩል ይሞላል። ለተጫራቹ የሚተወው ባዶ ቦታ የዋጋው ብቻ ነው። ይህን ልብ በሉ፦ የዋጋው ቦታ ባዶ መሆን አለበት፤ ሌላው ባዶ መሆን የለበትም።

አንዳንድ ኮሚቴዎች «እኛ ኢንጂነር አይደለንም፣ ይህን እንዴት እንሞላለን?» ይላሉ። ትክክል ነው፤ የፌሮውን ውፍረትና የመሠረቱን ጥልቀት የሚወስነው ፕላኑን የሠራው ባለሙያ ነው። ነገር ግን «እዚህ ጋ ቁጥሩ የት አለ?» ብሎ ለመጠየቅ ማንበብ መቻል ይበቃል። ቅጹን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ገጽ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ሌሎቹ ይስሙ። ነጥብ ነጥብ ያለበት ቦታ ሲደረስ ይቁም። ባለሙያው የሚሞላው ከሆነ ባለሙያው ይጠየቅ። ባለሙያ የማያስፈልገው ብዙ ቦታ ደግሞ አለ፤ ያንን ራሳችሁ ትሞላላችሁ።

ከእነዚህም የመጀመሪያው የአሠሪው ስም ነው። አሠሪው ማን ነው? ትምህርት ቤቱ ነው? ቀበሌው ነው? ዕድሩ ነው? ኮሚቴው ነው? ኮሚቴ ዛሬ አለ፣ ነገ ይፈርሳል። ስለዚህ በሕግ የታወቀው አካል ሙሉ ስም ይጻፍ። ስለ እሱ ሆኖ የሚፈርመው ሰው ማን እንደሆነና ይህን ሥልጣን ያገኘው በየትኛው ቀን በተጻፈ ቃለ ጉባኤ እንደሆነም ይጻፍ።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር በደብተራችሁ ጻፉት፦ «ሥራው በ……… ቀን ውስጥ ይጠናቀቃል።» በባዶው ቦታ 120 ብትጽፉ ጨርሳችኋል? አልጨረሳችሁም። 120 ቀን ስትሉ እሑድም ይቆጠራል ወይስ የሥራ ቀን ብቻ? ሥራው የካቲት 1 ቀን ቢጀመርና እያንዳንዱ ቀን ቢቆጠር ግንቦት 30 ያልቃል፤ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። በሳምንት 6 ቀን እየተሠራ የሥራ ቀን ብቻ ቢቆጠር ግን 120 የሥራ ቀን 20 ሳምንት፣ ማለትም 140 ቀን ነው። ይህ ወደ ሰኔ 20 ይወስደናል። በዓላቱ ሲወጡ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። በግንቦትና በሰኔ መጨረሻ መካከል ያለውን ልዩነት ለገበሬ አልነግረውም። ዝናቡ ጣራ ባልወጣለት ግድግዳ ላይ ይወርዳል።

መቆጠር የሚጀምረውስ ከመቼ ነው? ውሉ ከተፈረመበት ቀን? ቦታው ለኮንትራክተሩ ከተሰጠበት ቀን? ወይስ ቅድሚያ ክፍያ ከተከፈለበት ቀን? ሦስቱም ይባላል። በሦስቱ መካከል የወር ልዩነት ሊኖር ይችላል። አንዱን መርጣችሁ ጻፉ። ቀን ስትጽፉ ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ. ነው የሚለውንም ጨምሩበት። ጨረታው የሚዘጋበት ሰዓትም «4 ሰዓት» ተብሎ አይቅር፤ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት» ይባል። በሰዓት የተነሣ የፈረሰ ጨረታ ብዙ ነው።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ።

ተጫራቹ የሚሰጠው ዋጋ የተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ታክሱ 15 በመቶ ነው። አንዱ ታክሱን ጨምሮ 1,100,000 ብር ቢጽፍና ሌላው ሳይጨምር 1,000,000 ብር ቢጽፍ ሁለተኛው ርካሽ ይመስላል። ታክሱ ሲደመርበት ግን 1,150,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ «ዋጋው ታክስን ጨምሮ ይቅረብ» ወይም «ሳይጨምር ይቅረብ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጻፉ።

ቅድሚያ ክፍያ አለ ወይስ የለም? ካለ ስንት በመቶ ነው? በመንግሥት ሥራዎች ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጎ ነው የሚሠራበት። እናንተ 20 በመቶ ብትሉና የውሉ ዋጋ 1,200,000 ብር ቢሆን 240,000 ብር ድንጋይ ሳይነሣ ከእጃችሁ ይወጣል። ስለዚህ ለዚህ ገንዘብ የባንክ ዋስትና መቅረቡ አብሮ መጻፍ አለበት። ገንዘቡ ከየትኛው ክፍያ ላይ እየተቆረጠ እንደሚመለስም ይጻፍ። ቅድሚያ ክፍያ የማይሰጥ ከሆነ «የለም» ብላችሁ ጻፉ። ቅድሚያ የሚያገኝ ሰውና የማያገኝ ሰው አንድ ዓይነት ዋጋ አይሰጡም፤ የማያገኘው ከኪሱ ወይም በብድር ሲሚንቶ ይገዛልና።

ዋስትናዎቹም ሁለት ናቸው፤ እንዳይምታቱባችሁ። የጨረታ ማስከበሪያ የሚባለው ተጫራቹ ዋጋ ሰጥቶ እንዳይሸሽ የሚያስይዘው ነው፤ ብዙ ጊዜ በሲፒኦ ይቀርባል። የውል ማስከበሪያ የሚባለው ደግሞ አሸናፊው ውሉን ሲፈርም የሚያቀርበው ነው፤ የተለመደው የውሉ ዋጋ 10 በመቶ ነው። የሁለቱም መጠን፣ የሚቀርቡበት መንገድና የሚጸኑበት ጊዜ ይሞላል።

ከየክፍያው ተቆርጦ የሚቀመጥ መያዣም አለ። 5 በመቶ ቢሆን ከ1,200,000 ብር 60,000 ብር ነው። ብዙ ጊዜ ግማሹ በጊዜያዊ ርክክብ ጊዜ ይለቀቃል። ግማሹ እስከ መጨረሻው ርክክብ፣ በአብዛኛው እስከ 1 ዓመት ይቆያል። በዚህ 1 ዓመት ውስጥ ሕንፃው አንድ ክረምት ያሳልፋል፤ የሚያፈሰው ቆርቆሮ ይታወቃል፣ የሚሰነጠቀው ልስን ይታወቃል። ይህ ጊዜ ባዶ ከተተወ ኮንትራክተሩን በምን ትጠሩታላችሁ? በነገራችን ላይ፣ ከዚህ የተለየ በሕግ ራሱ የተቀመጠ ዋስትና አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ላይ ተቋራጩ ለሠራው ሕንፃ ጥንካሬ ለ10 ዓመት ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል። በዚህ ብቻ ግን አትተኙ። ለ10 ዓመቱ ፍርድ ቤት መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ መያዣው ግን በእጃችሁ ያለ ገንዘብ ነው።

ሥራው ቢዘገይስ? በብዙ ውሎች ላይ የሚታየው ለእያንዳንዱ የዘገየ ቀን ከውሉ ዋጋ ከ1,000 እጅ 1 እጅ፣ ጠቅላላው ግን ከ10 በመቶ የማይበልጥ ካሳ ነው። በ1,200,000 ብር ሥራ ይህ በቀን 1,200 ብር ነው። 100 ቀን ሲሞላ 120,000 ብር ይደርስና እዚያ ላይ ይቆማል። ቦታው ባዶ ከሆነ ግን ስንት እንደተጎዳችሁ በማስረጃ የማሳየቱ ሸክም በእናንተ ላይ ይወድቃል። ልጆች በዛፍ ሥር ስለ መማራቸው ደረሰኝ ከየት ይመጣል?

የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በመካከሉ ቢወደድስ? ዋጋው ይስተካከላል ወይስ አይስተካከልም? ይህን ለመጻፍ ሰዎች ይፈራሉ። «አይስተካከልም» ካላችሁ ተጫራቾቹ ለሥጋታቸው ትንሽ ጨምረው ዋጋ ይሰጣሉ። «ይስተካከላል» ካላችሁ ደግሞ በምን ሒሳብ እንደሚስተካከል መግለጽ አለባችሁ። በእኔ አስተያየት ለአጭር ጊዜና ለትንሽ ሥራ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ቢያንስ ሕዝቡ ስንት እንደሚያወጣ አስቀድሞ ያውቃል። ረዥም ጊዜ ለሚወስድ ሥራ ግን ይህ አይሠራም፤ ኮንትራክተሩ ከስሮ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል።

ሕዝቡ በራሱ የሚያቀርበው ነገርም አለ። ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ውሃ፣ ጉልበት። «ኅብረተሰቡ ድንጋይ ያቀርባል» ብላችሁ ብቻ ብትጽፉ ኮንትራክተሩ «ድንጋዩ ስላልመጣ ነው የዘገየሁት» ለማለት በር ተከፈተለት። ስንት ሜትር ኩብ? እስከ መቼ? የት ድረስ ተጓጉዞ? ይህ ተሟልቶ ይጻፍ። የማትችሉትንም አትጻፉ።

አሁን ስለ አጻጻፉ። ገንዘብ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፤ 120,000 (አንድ መቶ ሃያ ሺህ) ብር። አኃዝ ላይ አንዲት ዜሮ መጨመር ቀላል ነው፤ በፊደል የተጻፈውን መለወጥ ግን ያስቸግራል። የማይመለከታችሁ ባዶ ቦታ ላይ «የለም» ብላችሁ ጻፉ፣ ወይም በመስመር ዝጉት። ክፍት የተተወ ቦታ በኋላ በሌላ እስክሪብቶ ሊሞላ ይችላል። «ከዚህ ጋር በተያያዘው ፕላን መሠረት» የሚል ካለ ፕላኑ በእርግጥ መያያዙን ገልጣችሁ እዩ፤ የፕላኑንም ቁጥርና የገጹን ብዛት ጻፉ።

በኮሚቴው ውስጥ ገና ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ቢኖሩስ? የጣት አሻራ በሕግ ይፈቀዳል። ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ወይም ዓይነ ስውር ያደረገው ፊርማ ወይም የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ይህ የተደነገገው እናንተን ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ «እዚህ ጋ ጣትህን አሳርፍ» ሲባል ፈጥኖ ቀለም መንከር ተገቢ አይደለም። ወረቀቱ ይነበብላችሁ፤ ከዚያም በሕጉ መሠረት ይረጋገጥ።

ይህ ሁሉ ተሞልቶ ካበቃ በኋላ አንዱን ቅጂ ዋና አድርጋችሁ በየገጹ ፈርማችሁ አስቀምጡ። ለተጫራቾች የሚሸጡት ሁሉ ከዚያ የተባዙ ይሁኑ። ከተሸጠ በኋላ ስሕተት ብታገኙ፣ ወይም አንዱ ተጫራች መጥቶ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ለእሱ ብቻ በጆሮው አትንገሩት። መልሱ በጽሑፍ ሆኖ ቅጹን ለገዙት ሁሉ ይድረስ። ለውጡ ከበድ ያለ ከሆነም መዝጊያው ቀን ይራዘም። ጨረታው ከተከፈተ በኋላ ግን በሥራው ዝርዝር ላይ መጨመርም መቀነስም አይገባም፤ የተሸነፈው ሰው «ይህን ባውቅ ኖሮ ዋጋዬ ሌላ ነበር» ቢል መልስ የላችሁም።

የጨረታው ሣጥን በማን ፊት እንደሚከፈት፣ ፖስታው ሲቀደድ ምን እንደሚነበብና ማን ምን እንደሚጽፍ በሚቀጥለው ንግግራችን እንመለስበታለን። እስከዚያው ድረስ በአካባቢያችሁ አንድ የውል ቅጽ ካገኛችሁ ባዶ ቦታዎቹን ቆጥራችሁ በደብተራችሁ መዝግቡ።